የእንግሊዟ እትዬ መርዶ

«ሎስ አንጀለስ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «አሮጊት እጠብቃለሁ» እላለሁ። ሰዉ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ይምጠጥ። እኔ የጠበቅኳቸውን አሮጊት አንድ ቀን እንኳ ቢያይ ኖሮ አፉን በእጁ ይዞ ነበር የሚቀረው።

ኤጀንሲው ሲልከኝ የነገረኝ እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው። እንግሊዛዊት ናቸው፣ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው ደካማ ነው፣ ጆሯቸው በደንብ አይሰማም፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሺፍቴ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ቤታቸው ሐበሻ ከሞላበት ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከእኛ ምግብ ቤቶች ጀርባ ነው። ከዚያ በፊት በርባንክ ድረስ ድራይቭ እያደረግሁ ግማሽ ዕድሜዬ ፍሪዌይ ላይ ሊያልቅ ነበርና፣ አድራሻውን ሳይ ሴትዮዋ ጋኔን ቢሆኑም እችላቸዋለሁ ብዬ ፈረምኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ። ከዘራ ይዘዋል፤ ግን እሳቸው ከዘራውን ያዙት እንጂ ከዘራው እሳቸውን የያዘ አይመስልም። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ቁጭ በይ አሉኝ። ተቀመጥኩ። አሜሪካ ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ነሽ?» ብሎ ነው። እሳቸው ግን «ዘመዶችሽ እነማን ናቸው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከሰማሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። የሚጠይቁት የገጠር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ያውም ልጅ ሊዳር ሲል። አባቴ እኛን ልጆቹን ሰብስቦ ሰባት ቤት ያስቆጥረን ነበር፣ ሳናውቅ ከዘመድ እንዳንጋባ። ሶ፣ እኔም አፌ እንደለመደው ከአባቴ ጀምሬ፣ ጣቴን እያጠፍኩ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እስከ ሰባተኛው ድረስ ቆጠርኩላቸው። አምስተኛው ላይ አንዱን ቅድመ አያት ሳልዘል አልቀረሁም። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የራሳቸውን ጀመሩ። ሰባትን አለፉ። አሥርን አለፉ። ሳይቸኩሉ፣ ሳይደናቀፉ፣ እያንዳንዱ ሰው ማንን እንዳገባና የት እንደተቀበረ እየነገሩኝ አሥራ አራተኛው ላይ ቆሙ። «ከዚያ በላይ ያለው ውሸት ይመስለኛል» አሉ። ጸጉሬ ቆመ። እንዲህ አድርጋ ዘሯን የምትቆጥር ፈረንጅ አለች ቢሉኝ መቼ አምን ነበር?

አባታቸው ኧርል ነበሩ። ኧርል ማለት የእኛ ደጃዝማች ነገር በሉት። እናታቸው ደግሞ ከዚያ ከፍ ካለ ቤት የመጡ፣ የራስ ልጅ እንደማለት ናቸው። ሴት አያታቸው የንግሥት ደንገጡር ነበሩ። ያደጉበት ቤት ስልሳ ክፍል አለው፤ እሳቸው ራሳቸው አንድም ቀን ገብተው የማያውቁት ክፍል ነበረበት። ይህን ስሰማ የምጠርጋትን ሁለት ክፍል አፓርታማ ዞር ብዬ አየሁና ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

እየቆየሁ የእሳቸውን ዘመዶች ከራሴ ዘመዶች በላይ አወቅኋቸው። መድኃኒት ስሰጣቸው አንድ አጎት ይነሳል፤ እግራቸውን ሳሽ አንዲት አክስት ትነሳለች። አንድ ቀን ጸጉራቸውን እያበጠርኩ፣ ሦስት ጊዜ ያገቡ አክስት እንደነበሯቸው አጫወቱኝ። ሦስቱም ባሎች የአጎታቸው ልጆች ናቸው፣ ወንድማማቾች። አንዱ ሲሞት ሌላው እየተተካ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

«ይሄ እኮ በእኛ አገር ያስወግዛል» አልኳቸው።

«በእኛ አገር ደግሞ መሬቱ ከቤት እንዳይወጣ ያደርጋል» አሉኝ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ፣ በአፍንጫቸው ብቻ።

አገራቸው «ሌዲ» እየተባሉ ነበር የሚጠሩት። «እዚህ ማንም አይለኝም፤ ሐኪም ቤት እንኳ ስሜን ብቻ ነው የሚጠሩኝ» አሉኝ እንደ ቀልድ አድርገው። ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። በእኛ ለትልቅ ሴት እትዬ እንላለን አልኳቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው አሉትና ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ፌርፋክስ ላይ ለሁሉም ሰው እትዬ ሆኑ። ቅመም የምትሸጠው ባለሱቅ ከደጇ ወጥታ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» ስትላቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው የሚመልሱላት ሰላምታ ነበር፤ እኔ ስንት ዓመት በደጇ ሳልፍ እንዲህ ወጥታ አታውቅም። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ፣ ምሳቸውን ሁልጊዜ እኛ የምንበላበት ቤት የሚበሉ። እትዬ ሲገቡ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ከወንበራቸው ይነሳሉ። «የባላባት ልጅ ስትገባ አይቀመጥም» ይሉኛል ቆጣ ብለው፣ እኔ የተቀመጥኩ ይመስል።

ይህ ሁሉ ዘመድ ሲወራ ግን አንድ ሰው ይዘለል ነበር። የቤተ ዘመድ ወሬ ሰምቶ ያደገ ሰው የተዘለለውን ያውቃል። አንድ ቀን «እትዬ፣ እህት ወንድም የለዎትም?» አልኳቸው። የሻይ ኩባያቸውን አስቀመጡ። ጆሯቸው አልሰማ ይሆናል ብዬ ልደግመው ስል «አንድ ወንድም አለኝ» አሉ።

በአራት ዓመት ይበልጡታል። በዚያ ቤት ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያዩዋቸው ከእራት በፊት ለአንድ አፍታ ብቻ ስለነበር፣ ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ ይላሉ። ጫማውን ማሰር ያስተማሩት እሳቸው፣ ጨለማ ሲፈራ አልጋው ላይ የሚቀመጡት እሳቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከአንድ አናጺ ጋር ተዋደዱ። ሰውየው አሜሪካዊ ነው፤ ፊልም ሲሠራ የውሸት ቤትና የውሸት ቤተ መንግሥት የሚያቆም ሠራተኛ፣ ለሥራ ወደዚያ የሄደ። አባትየው ነገሩን ሲሰሙ በዚህ በር ከወጣሽ እንዳትመለሺ አሉ። ወንድምየው ግን በድብቅ፣ እኔ ምስክር ሆኜ እቆምልሻለሁ ብሎ ማለላቸው። በሠርጉ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ጠበቁት። አልመጣም። በመጨረሻ ከመንገድ ላይ አንድ የማያውቁትን ሰው ለምነው ፈረመላቸው።

ከዚያ አባትየው ሲሞቱ ማዕረጉም ቤቱም መሬቱም ለወንድምየው ሆነ። ለእትዬ ከእሱ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ለቀብሩ ባትመጪ ይሻላል የሚል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ከእሱ የሚመጣው የገና ካርድ ብቻ ነው፣ ከፊርማ በቀር ምንም ያልተጻፈበት።

እኔ ደሜ ፈላ። «ርስቱስ? በእኛ አገር ሴት ልጅም እኩል ትካፈላለች! እንዴት ዝም ይላሉ?» አልኳቸው። ለካ ጮኼ ኖሯል።

«ከእኛ እናንተ ትሻላላችሁ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ርስቱን አልፈልገውም። ያን ቀን ለምን እንዳልመጣ ከራሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። እሱን ሳልሰማ መሞት አልፈልግም።»

«ታዲያ ለምን አይደውሉለትም?»

«የቀረው እሱ ነው። መደወል ያለበትም እሱ ነው።»

ወይ ኩራት! አልኩ በሆዴ። እንደ እውነቱ ግን ደነቁኝ። ስልሳ ዓመት አንድ ጥያቄ ይዞ መቀመጥ፣ ሳይረሱት፣ ሳያማርሩበት። እኔ ለሰባት ቀን እንኳ ቂም መያዝ አይሆንልኝም፤ ስድቤን እሳደብና ምሳ እጋብዛለሁ።

ስልኩ የተደወለው ግንቦት ውስጥ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እትዬ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሸለብ አድርጓቸዋል። እሳቸው ስለማይሰሙ ስልክ የማነሳው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። አንድ ሰው በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝ አገር እንደሚደውልና የወንድማቸው ልጅ እንደሆነ ነገረኝ። «አባቴ በጣም ታሟል። እባክሽ አክስቴ ትደውልለት። ዛሬ ቢሆን ጥሩ ነው። በማንኛውም ሰዓት» አለኝ። ቁጥሩን ሰጠኝ። ጻፍኩት። እሺ ብዬ ዘጋሁ፤ ዘግቼም እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ወንድማቸው ሞቱ ብዬ።

እንግዲህ ሳቁብኝ። ኤጀንሲው ሰው እንዴት ከአልጋ እንደሚነሳ፣ ኪኒን እንዴት እንደሚሰጥ አስተምሮኛል። የዚህን ዓይነት ስልክ ግን የተማርኩት ከአገሬ ነው። አገር ቤት ተደውሎ «እገሌ አሞታል» ከተባለ ሰውየው ተቀብሮ ሣልስቱም ወጥቷል። እናቴ ስትሞት እኔ የተባልኩት «ትንሽ ደክማለች፣ ጸልዪላት» ነው። በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት የማኅበሬ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። አንዲቷ አቀፈችኝ፣ አንዲቷ ከኋላዬ ያዘችኝ። ያኔ ነው የነገሩኝ። በስልክ ብቻዬን ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ግድግዳ ስደበድብ ማን ይይዘኝ ነበር? መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በቀትር አይነገርም፣ ለብቻ ለሆነ ሰው አይነገርም። ያውም እንግሊዝ አገር በዚያ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። በዚያ ሰዓት «በማንኛውም ሰዓት ትደውል» የሚያሰኝ ምን በሽታ አለ? አልቋል አልኩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ለእኔ በለዘብታ ነገረኝ፣ የቀረውን ለእኔ ተወው አልኩ።

እትዬን አየኋቸው። ልባቸው ደካማ። እኔ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ነግሬያቸው በሩን በላያቸው ዘግቼ ልሂድ? እንዲህ ያለ ነውር አባቴ ቤት አልተማርኩም። ወጥ ቤት ገብቼ በዝግታ መደወል ጀመርኩ። ለባለሱቋ ነገርኳት፤ «ወይኔ እትዬ፣ እመጣለሁ» አለች። ለጋሼ ደወልኩ፤ አሁን ከልጃቸው ጋር ቶራንስ ነው የሚኖሩት፣ በጠዋት እደርሳለሁ አሉ። ከማኅበሬ ሦስት ሴቶች እሺ አሉኝ፤ አንዷ ዌስትቼስተር ሆቴል ሌሊት የምትሠራ ናት፣ «ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ» አለች። አንዳቸውም፣ ፈረንጅ መርዶ እንዲህ ይረዳል ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

እትዬ ሲነቁ «ስልክ የጮኸ መሰለኝ» አሉኝ።

«ሴልስ ነው እትዬ። የሚሸጡት ነገር አላቸው» አልኳቸው።

«እንዲያ ነው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያን ቀን ሾርባቸውን አልጨረሱም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት ሆነን ደጃቸው ቆምን። ጎረቤት እንዳይነቃ በቁልፌ ከፈትኩና ገባን። እትዬ የጠዋት ሻያቸውን ሊያፈሉ ተነስተው ኖሮ በሌሊት ልብሳቸው ብቅ አሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ነጠላ የለበሱ አራት ሴቶች፣ አንድ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ፣ እና እኔ። ሌላ ሰው ቢሆን ጮሆ ፖሊስ ይጠራል። እሳቸው አንድ በአንድ አዩንና «ደህና አደራችሁ። እባካችሁ ተቀመጡ፣ አሁን እመጣለሁ» ብለው ተመለሱ። ማንም አልተቀመጠም። አሥር ደቂቃ ቆየን። ሲወጡ ግራጫ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አስይዘው፣ ዕንቁአቸውን አድርገው ነው። በሌሊት ልብስ እንግዳ አይቀበሉም። ዛሬ ስቆጥረው እነዚያ አሥር ደቂቃዎችም ያንገበግቡኛል፤ ያን ጊዜ ግን ግርማቸው አፍዝዞኝ ነበር።

አስቀመጥናቸው። እኔ በአንድ በኩል፣ ባለሱቋ በሌላ በኩል ያዝናቸው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በታክሲ እንግሊዝኛቸው፣ «እትዬ፣ እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ወሰደ። ወንድምዎ አርፈዋል» አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። እንደ አገር ቤት ደረት አልተመታም፤ አፓርታማ ነው፣ በልክ ነው። ግን የምር ነው የተለቀሰው። የሆቴሏ ልጅ የራሷን ወንድም በቅርብ ነበር ያጣችው፤ በእሱ ጀምራ በእትዬ ወንድም ጨረሰችው።

እትዬ አላለቀሱም። ፊታቸው ግን ቀስ እያለ ነጣ፣ እጄ ውስጥ ያለው እጃቸው ቀዘቀዘ። ከዚያ ወደምታለቅሰው ልጅ ጎንበስ ብለው «ታውቂው ነበር?» አሏት።

«አላውቃቸውም። የእርስዎ ወንድም ስለሆኑ ነው» አለቻቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ነገረሽ?»

«የወንድምዎ ልጅ ደውሎ።»

«መቼ?»

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት።»

«ያለሽን ንገሪኝ። ሳትጨምሪ።»

ነገርኳቸው። በጣም ታሟል፣ ትደውል፣ ዛሬ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በማንኛውም ሰዓት። እየተናገርኩ ድምፄ እያነሰ ሄደ። ሴቶቹ ለቅሶአቸውን አቁመው አዩኝ። የተነገረኝን ቃል በቃል ስደግመው፣ ሞት የሚል አንድም ቃል እንደሌለበት ለራሴም ያን ጊዜ ገባኝ። «እኛ ጋ እትዬ፣ እንዲህ ሲባል...» ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ።

«እኛ ጋ ታሟል ሲባል ታሟል ማለት ነው» አሉ። ቁጣ የለበትም። «ስልኩን ስጪኝ።»

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ተቀብላኝ የመታችው ባለሱቋ ናት። እሳቸው እንዲሰሙ ስፒከር ላይ አደረግነው። የወንድማቸው ልጅ አነሳ። አባቱ በሕይወት አለ። «ማታ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነበር፣ አክስቴ። በየጊዜው ደወለች ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ግን መናገር አቁሟል። የሚሰማ ይመስለኛል» አለ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እትዬ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋው አሉት። ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ» አሉ። የሚመልስ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው፣ የሚያቃስት ትንፋሽ። «የምደውለው ከቤቴ ነው። መንገዱ ላይ ያሉት ዛፎች ሐምራዊ አበባ አውጥተዋል። አጠገቤ ስድስት ሰዎች አሉ፤ ሞተሃል ብለው ሊያለቅሱልህ ነው የመጡት፣ በጣምም አልቅሰውልሃል። አለመሞትህን ሲሰሙ ትንሽ አፍረዋል።» ትንፋሹን ሰሙ። «ተቆጥቼብህ ነበር» አሉ። «አሁን አልተቆጣሁም። ደወለች ወይ ብለሃል አሉ። ይኸው ደወልኩ።»

ለአርባ ደቂቃ ያህል አወሩት። ልጅ ሆነው የወደቀበትን ኩሬ፣ የሚፈራውን ፈረስ፣ ሁለቱ ተደብቀው ዳቦ የሚበሉበትን ሰገነት። ከእኛ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ስልሳ ክፍል ያለው ቤት፣ አሥራ አራት ትውልድ፣ ደንገጡሯ፣ ኧርሉ፣ ያ ሁሉ ሲነገረኝ ያን ያህል አልገረመኝም። አንዲት የሰማንያ ሰባት ዓመት ሴት ጥያቄዋን ስልሳ ዓመት ተሸክማ ቆይታ፣ መልስ እንደማይመጣ ባወቀች ቀን ጥያቄውን ትታ ስለ ዳቦ ስታወራ ግን ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ለምን ቀረህ አላሉትም።

በማግስቱ ወንድማቸው አረፉ። ፌርፋክስ እንደገና መጣ፣ አሁን በትክክለኛው መርዶ። ሴቶቹ በየተራ ምግብ አመጡ። እትዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎናቸው ተቀምጠው ለቀስተኛ ተቀበሉ፣ ለሁሉም ከዘራቸውን ተደግፈው እየተነሱ። አይነሱ ብንላቸው እምቢ አሉ።

እኔ በሦስተኛው ቀን ሰው ሲወጣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አገሬ ቢሆን ድንጋይ ተሸክሜ ነበር የምመጣው። ያባርሩኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ ማባረሩ ቀሎኝ ነበር እንዲያውም። በከዘራቸው ጫፍ ትከሻዬን ነካ አድርገው ተነሺ አሉኝ።

«ትናንትና ብትነግሪኝ፣ ያኔ ልጁ የደወለ ቀን ማለቴ ነው፣ አልደውልም ነበር» አሉኝ። «እኔን ታውቂኛለሽ። ይጠብቅ እል ነበር፤ ሲጠብቅ ይሞት ነበር። የደወልኩት ለሩብ ሰዓት ያህል ሞቶብኝ ስለነበረ ነው። እናንተ ባትመጡ ኖሮ ድምፄን ሳይሰማ ይሄድ ነበር። አሁን ሻይ አፍዪልኝ።»

አመንኳቸው። ለምን አላምንም? ኩራታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ መደወል ያለበት እሱ ነው ሲሉኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከላዬ ተራራ ወረደልኝ። ውሎ አድሮ እንዲያውም ጉራ ጀመርኩበት። ማኅበር ላይ፣ የአገራችን ወግ ወንድምና እህት አስታረቀ እያልኩ አወራ ነበር። ጋሼ ይህን ስል ዓይናቸውን ከሳህናቸው አያነሱም ነበር።

እትዬ ያረፉት ጥር ላይ ነው፣ ተኝተው። የቀበርናቸው ከአናጺው ባላቸው አጠገብ ነው። የወንድማቸው ልጅ፣ ያ በስልክ የማውቀው፣ ከእንግሊዝ መጣ። ሃምሳ ያለፈው፣ ትሑት ሰው ነው። አሁን ማዕረጉ የእሱ ነው፤ ግን የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ካርቶን አብሮኝ ሲያሽግ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ከኮቱ ኪስ አንድ ፖስታ አወጣ። አባቱ ሲሞት ትራሱ ሥር የተገኘ ነው አለኝ፤ አክስቱ የጻፉት። ስለ አንቺ ስላለበት ልታነቢው ይገባል ብሎ ሰጠኝ።

የተጻፈው ያ ስልክ ከመደወሉ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጽሑፋቸውን አውቀዋለሁ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ፊደል የማይዘልል። አጭር ነው። «እኔ ቀድሜ ጻፍኩልህ፤ ኩራቴን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። ያን ቀን ለምን እንደቀረህ ንገረኝና እንታረቅ። ደውልልኝ። እዚህ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደውል፤ ጆሮዬ ደክሟል፣ ከዚያ በኋላ ስልክ የምታነሳልኝ ሴት አለች። ታማኝ ናት። ለእሷ የነገርካት ለእኔ እንደነገርከኝ ነው።»

ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ስልክ ሲጠብቁ ነበር። ስልክ የጮኸ መሰለኝ ሲሉኝ፣ ሴልስ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ።

«ለምን እንደቀረ ለአንተ ነግሮህ ነበር?» አልኩት ሰውየውን።

«ጠይቄው ነበር» አለኝ። «ለእሷ ብቻ ነው የምነግራት አለኝ።»

ሰውየው ውኃ አመጣልኝ። ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ የእትዬ ዘመድ ነው። እትዬ አልደውልም ነበር ሲሉኝ ዓይኔን እያዩ ነው ያሉኝ፣ ሻይም አዘው። የዋሹኝ እኔ ድኜ እንድኖር ነው። አሁን ያንን ደብዳቤ ይዤ የት አግኝቼ ነው እግራቸው ላይ የምወድቀው? ይቅር ሲሉኝ እኮ ምን እንዳደረግኋቸው እንኳ አላውቅም ነበር።